መስታወቱ ለምን ወጣ?

መስታወት አልባ ካሜራ በእጅ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያስገርመው ቅለቱ ነው፤ ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። የጥንቱ ፎቶ አንሺ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በፈዛዛ ብርጭቆ ላይ የተዘቀዘቀ ምስል ሲያይ መስታወት አላስፈለገውም፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ ካሜራም መስታወት አልነበራትም። መስታወቱ የገባው በሌንሱ የሚያልፈውን ምስል ወደ ዓይን ለማድረስ ነው፤ በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ይህን አሠራር በባለሙያዎች ዘንድ አጸናው። በ2008 ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1 ያንኑ ሥራ ለትንሽ ስክሪን ሰጠ።

ስክሪን ብርሃኑን ራሱን አያሳይም፣ ባትሪም ይጨርሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፎቶው ሊጨልም ወይም ሊነጣ መሆኑን ከመነሳቱ በፊት ያሳያል። የፎቶ አንሺው የዘመናት ጭንቀት «ምን ይወጣልኝ ይሆን?» ነበር፤ መስታወቱ ቦታውን የለቀቀው ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ስለተገኘ ነው።