የፕሮቲንን አተጣጠፍ ያለ ሌዘር ስለ መመርመር

በታጠፈ ነጠላ ላይ ጭቃ ቢረጭበት የሚሆነውን አስቡ። በውጭ የሚገኘው እጥፋት ይቆሽሻል፤ በውስጥ የተሸሸገው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ነጠላውን ዘርግቶ ነጥቦቹን የተመለከተ ሰው ጨርቁ አስቀድሞ እንዴት ታጥፎ እንደ ነበረ ለመናገር ይችላል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት የፕሮቲንን አተጣጠፍ ለማወቅ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዘዴው ስለ ተወለደበት መንገድ ዛሬ ጥቂት እንነግራችኋለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም በልኩ ሲታጠፍ ነው። በ1958 ጆን ኬንድሩና ባልደረቦቹ የማዮግሎቢንን ቅርጽ በኤክስ ሬይ ገለጡ። ነገር ግን ይህ መንገድ ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ እንዲረጋ ይፈልጋል፤ ክሪስታል ለመሆን እንቢ የሚል ፕሮቲን ደግሞ ብዙ ነው። በውሃ ውስጥ እንዳለ የሚመረመርበት ሌላ ብልሃት አስፈለገ።

የብልሃቱ ሥር ግን ከፕሮቲን ጋር ምንም ግንኙነት ባልነበረው ሙከራ ላይ ይገኛል። ሄንሪ ፌንተን የተባለ የካምብሪጅ ወጣት በወይን ፍሬ ውስጥ በሚገኘው በታርታሪክ አሲድ ላይ ጥቂት የብረት ጨውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨመረ፤ ይህ ሁለተኛው ዛሬ ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚገዛው ነው። አልካሊ ሲጨምርበት ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ። ያየውንም በ1876 በአጭር ጽሑፍ አስታወቀ፤ በ1894 አስፍቶ ጻፈው። እጅግ ጥቂት ብረት ያን ያህል ሥራ መሥራቱ የሚያስደንቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ገና አልተገለጠም ነበር።

ምክንያቱን ለማስረዳት የተነሡት ፍሪትዝ ሀበርና ረዳቱ ጆሴፍ ዋይስ ናቸው። ሀበር በ1915 በኢፕር ጦር ሜዳ የክሎሪን መርዝ እንዲለቀቅ የመራ ሰው ነው፤ የማዳበሪያ መሠረት የሆነውን አሞኒያ ከአየር ናይትሮጅን የመሥራት ጥበብም የእርሱ ነው። በ1933 የናዚ መንግሥት አይሁድ ሠራተኞችን እንዲያባርር ሲያዘው ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እርሱም በትውልዱ አይሁዳዊ ነበረ። ለጥቂት ወራት በካምብሪጅ ተቀምጦ በጥር 1934 በባዝል ሞተ። ከዋይስ ጋር የጻፈው ጽሑፍ የታተመው በዚያው ዓመት፣ ከሞቱ በኋላ ነው። በእነርሱ አሳብ ብረቱ ለፐርኦክሳይዱ አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ፐርኦክሳይዱ ይሰበርና ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ቅንጣት ይወለዳል። ይህ ቅንጣት መጠኑ ከውሃ ቅንጣት ጋር ይቀራረባል፤ ዕድሜው እጅግ አጭር ሲሆን ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። እንግዲህ ጭቃችን ይኸው ነው፤ ውሃ በሚደርስበት ይደርሳል፣ ውሃ በማይገባበት አይገባም።

በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ቶማስ ቱሊየስና ቤዝ ዶምብሮስኪ ይህንኑ ቅንጣት ዲ.ኤን.ኤ.ን ለመመርመር ተጠቀሙበት። ብረቱን ኤዲቲኤ በሚባል ውሕድ አሰሩት፤ የደከመውንም ብረት አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለት ቪታሚን ሲ፣ መልሶ እንዲያነቃው አደረጉ። ቀጥሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ ማርክ ቻንስና ባልደረቦቹ ራዲካሉን በሲንክሮትሮን ጨረር ከውሃ በማውጣት ዘዴውን በፕሮቲን ላይ አዋሉት። ኦክሲጅን የተጨመረበት አሚኖ አሲድ ክብደቱ ብዙ ጊዜ በ16 ይጨምራል። ስለዚህ ፕሮቲኑ ትሪፕሲን በሚባል ኤንዛይም ተቆራርጦ ቁራጮቹ በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዘናሉ፤ የከበደው ቁራጭ በውጭ የነበረው ነው። ሁሉም አሚኖ አሲድ ግን እኩል አይነከስም፤ ሜታዮኒንና ትሪፕቶፋን ፈጥነው ይያዛሉ፣ ግላይሲን በጭንቅ ነው።

በ2005 ዴቪድ ሃምብሊና ማይክል ግሮስ ፐርኦክሳይዱን በሌዘር ብልጭታ የሚሰብር ዘዴ አወጡ፤ ሥራው በማይክሮ ሴኮንድ ያልቃል። ፍጥነቱን የወደዱበት ምክንያት ትክክለኛ ነው። አንድ ጊዜ የተነከሰ ፕሮቲን እጥፋቱ ሊላላና በውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል፤ መርማሪውም ጤነኛውን መረመርሁ ሲል የቆሰለውን መርምሮ ይገኛል። የፌንተን መንገድ ሲዘገይ ይህ አደጋ ይበረታበታል።

ይሁን እንጂ ሌዘር ውድ ነው፤ ለዓይንም አደገኛ ስለ ሆነ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በእኔ አስተያየት የፌንተን መንገድ የድሀ ቤተ ሙከራ ምርጫ ብቻ ተደርጎ መናቅ የለበትም። መጠኑን የቀነሰ፣ ጊዜውን ያሳጠረ፣ የፕሮቲኑንም ጤንነት በሌላ ዘዴ ያረጋገጠ ሰው የሚታመን ውጤት ያገኝበታል። በፈጣን መቀላቀያ መሣሪያም ሥራውን በሚሊ ሴኮንዶች መፈጸም ተችሏል። በሌዘር ፈንታ የዜኖን መብራት ብልጭታ የሚጠቀሙም አሉ። (ርካሽ ነው ስንል የማስ ስፔክትሮሜትሩ ዋጋ አይዘንጋ፤ እርሱ በሁሉም መንገድ አይቀርም።)

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሥራውን በማቆሙ ላይ ነው። ቱቦው እንዲሁ ቢተው የቀረው ፐርኦክሳይድ መንከሱን ይቀጥላልና፣ መርማሪው ሰዓቱን ጠብቆ ካታሌዝ የሚባለውን ኤንዛይም ይጨምርበታል። ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይለውጠዋል፤ እርሱም ራሱ ፕሮቲን ነው፣ የሚሠራውም በውስጡ በያዘው ብረት ነው።