ልብ በእውነት ሲቀደድ

ይህን በወረቀት የምታነቡ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ የከበደ ቃል ካለ ተመልሳችሁ እዩት።

በጣም ስንናደድ «ልቤ ሊፈነዳ ነው» እንላለን። አባባል ነው። ነገር ግን ልብ በእውነት እንደ አሮጌ ሸማ የሚቀደድበት ጊዜ አለ። ሰዎች ይህን እንዴት እንዳወቁት ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር 25 ቀን 1760 የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ ለንደን ውስጥ በቤተ መንግሥታቸው በማለዳ ተነሡ። ዕድሜያቸው 76 ነበር። ትኩስ ቸኮላታቸውን ጠጡና ወደ መጸዳጃ ክፍል ገቡ። ወዲያው የሚወድቅ ነገር ድምፅ ተሰማ። አሽከራቸው ሮጦ ሲገባ ንጉሡን መሬት ላይ ወድቀው አገኛቸው። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ፍራንክ ኒኮልስ የተባለ ሐኪም ሬሳውን ከፍቶ መረመረ። ልባችን በስስ ከረጢት የተሸፈነ ነው። የንጉሡ ከረጢት በረጋ ደም ተሞልቶ ነበር። የልባቸው ቀኝ ክፍል ተቀዶ፣ ደሙ ከዚያ ወጥቶ፣ ልብን ከውጭ ጨቁኖ እንዳይመታ አድርጎታል። በእርግጥ የንጉሡ ዋና የደም ቧንቧም ተሰንጥቆ ስለነበር በሽታቸው ዛሬ ከማነሣው ትንሽ ይለያል። ለዛሬው ነገራችን የሚቀርበው ከዚያ በፊት የተጻፈው ነው። ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ያስረዳው ዊልያም ሃርቬይ በ1649 ባሳተመው ደብዳቤ፣ ደረቱን በተለይ ሌሊት ሌሊት እየጨነቀው ስለሞተ አንድ ሰው ጽፏል። የሰውየው ልብ በግራ በኩል ተቀዶ ነበር፤ ቀዳዳው ጣት ያስገባል።

ታዲያ ልብ ለምን ይቀደዳል? ለእኛ ለጋሞ ሰዎች ሸማ እንግዳ ነገር አይደለምና በእሱ ላስረዳ። ድርና ማጉ የሳሳበት ቦታ ላይ ጋቢ ሲጎተት ከዚያው ይቀደዳል። ልብም ሥጋ ነው፤ ራሱን የሚመግቡ ቧንቧዎች አሉት። አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን ከእሱ የሚመገበው ሥጋ ይሞታል። ሰውነት የሞተውን ሥጋ ማጽዳት ይጀምራል፤ በቦታው ጠንካራ ጠባሳ የሚተካው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። በመካከሉ ቦታው ልል ነው። ልብ ደግሞ አያርፍም፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ደሙ ወደ ከረጢቱ ከፈሰሰ ሰውየው በደቂቃዎች ሊሞት ይችላል።

ጨንቻ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አውቅ ነበር። ሌሊት ደረታቸውን ወጋቸው፤ አላባቸው። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ፌጦ ሰጣቸው። በማግስቱ «ተሻለኝ» አሉና ሸማቸው ላይ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን እዚያው እንደተቀመጡ ሞቱ። እኔ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የንጉሡን ልብ ከፍተው አይተውታል፤ የእሳቸውን ያየ የለም። ግን «ተሻለኝ» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይጠፋም።

በ1912 የአሜሪካው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ የልብ ቧንቧ የተደፈነበት ሰው ሁሉ ወዲያው እንደማይሞት ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕክምናው በአልጋ ላይ ለሳምንታት መተኛት ነበር። በ1957 ደግሞ ዴንተን ኩሊ የተባለው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም በልብ ውስጥ ያለውን የተቀደደ ግድግዳ እንደሰፋ ተጽፎ ወጣ። እንዲህ ያለው ስፌት እስከ ዛሬም ከባድ ነው። ይልቅ የተደፈነው ቧንቧ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ ሲከፈት ሥጋው ይተርፋል። ይህ ሕክምና ከመጣ ወዲህ የሚቀደድ ልብ በጣም ቀንሷል። አርፍዶ የሚመጣ ሰው ነው ይበልጥ የሚጎዳው፤ በተለይ አዛውንትና የደም ግፊት ያለበት።

እንግዲህ ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ሲከብድ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያልብ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሕመሙ ቢተውም ሂዱ። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሆስፒታልም እዚያ አለ። በሽተኛውን በእግሩ አታስኬዱት። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትም በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ያዙ፤ አሁን መጻፍ ችላችኋልና። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ እሱ ነው።