ኩበትና ኒውክሌር

ኃይል ሲባል ለእኛ ለከተሜዎቹ ቶሎ የሚመጣልን አምፖል ነው። መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ ካርድ አለቀ። የሀገራችንን የኃይል ታሪክም የምንተርከው በዚሁ በአምፖል ነው፦ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው መብራት፣ አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ ጊቤ፣ ሕዳሴ። አሁን ደግሞ ኒውክሌር። ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የእሳት ታሪክ ነው። እሱን ለማየት እነዋሪ ደርሰን እንመለስ።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ምዕራብ። አካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ምስሩ ይታወቃል። የጅሩ ሰንጋ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ ይጠራል። የዚህ ሁሉ በረከት ጉድለቱ ዛፍ ነው። ታዲያ ማገዶውን የሚሰጠው ያው ከብቱ ነው። እበቱ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፣ ክረምት እንዳያልቅ ተደርጎ ይቆጠባል። ሥራው የሴቶችና የልጆች ነው፤ ጭሱም እንዲሁ።

ኩበት ሲነድ የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው። በእበቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰው ገለባና ብስባሽም አመድ ይሆናል። ማሳው የተነጠቀውን ለመተካት ገበሬው ዩሪያ ይገዛል። ዩሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ገበሬው የራሱን ማዳበሪያ አንድዶ የሰው ሀገር ጋዝ ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የጋዝና የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ዳፋው የደረሰው እርሻው ድረስ ነው። የጅሩ ምድጃ ከዓለም የኃይል ፖለቲካ የራቀ የሚመስለው ካለ ይህን ሂሳብ ይሥራ።

ገበሬው ምን ነካው የምንል ከሆነ የራሳችንን ከተማ እናስታውስ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ እጦት ነበር። አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠችው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዙሪያዋ ያለው ደን ሲያልቅ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያዳናት የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዋና ከተማችን ዋና ከተማ ሆና የቀረችው በማገዶ ፖሊሲ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ምጣዷን ያጋለላት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጀርባ ነው።

የዘመናዊው ኃይል ታሪክ ግን ጀርባውን አልቆጠረም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር፤ "መብራት ኃይል" የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተገነባው ቆቃ ተመረቀ፤ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አካፍሉት፤ ቆቃ በሙሉ አቅሙ ሠርቶ በአንድ ጊዜ የሚያግለው 12 ሺሕ ያህል ምጣድ ነው።

ሕዳሴንም በዚሁ ሚዛን እንየው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ገበሬውም ደሞዝተኛውም በቦንድና በመዋጮ ደግፎት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። በምጣድ ሲመነዘር 1 ሚሊዮን 470 ሺሕ ገደማ። የሀገሪቱ አባወራ ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። እርግጥ ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት አይጋግርም፤ ፋብሪካም ድርሻውን ይፈልጋል። ሂሳቡ ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ብርሃን ርካሽ ነው፤ እሳት ውድ ነው።

ፖለቲካው ብርሃንን የሚወደው ለዚህ ይመስለናል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2025 ለሁሉም ቤት መብራት ለማድረስ አቅዶ ነበር። በኋላ በተከለሰው ዕቅድ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው በአብዛኛው ከፀሐይ እንዲያገኝ ታሰበ። ዓመቱ ደርሶ አለፈ፤ ሚሊዮኖች ዛሬም ጨለማ ውስጥ ናቸው። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አምፖል ታበራለች፣ ሞባይል ትሞላለች፤ እንጀራ አትጋግርም። በሪፖርቱ ላይ "ተጠቃሚ" ተብላ የተመዘገበች እናት በማግስቱ ኩበቷን ትጠፈጥፋለች። ለዚህም ነው ከሀገሪቱ የኃይል ፍጆታ ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ዛሬም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል አገዳ የሆነው።

አሁን ኒውክሌር መጣ። መስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያዘጋጅ የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ግብጽም ኤል ዳባ ላይ የምታስገነባው በዚሁ ሮሳቶም ነው። ክርክሩ ከወዲሁ ጦፏል፦ ወጪው፣ ዝቃጩ፣ የሩሲያ ጥገኝነት፣ ድርቅ ሲመታ ግድቡን የሚተካ ምንጭ ማስፈለጉ። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ኒውክሌር አይሠራ አንልም። በውሃ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. በፈረቃ መብራት አይተነዋል።

የምንለው ሌላ ነው። ከማመንጫው እስከ ጅሩ ጓዳ ያለው ርቀት በሜጋ ዋት አይሞላም። ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ምጣድ የሚችል መስመር ይፈልጋል፣ ቆጣሪ ለማስገባትና ምጣድ ለመግዛት የሚበቃ ብድር ይፈልጋል። እስከዚያው ደግሞ እንደ ምርጥ ምድጃ ያለው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው፣ በሲሚንቶ ተቀርጾ የሚሠራ ነገር በየቤቱ መግባት አለበት። ለትራንስፎርመርና ለምድጃ ሪባን አይቆረጥም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ማመንጫ ሲታወጅ፣ ከውሃም ይሁን ከነፋስ ወይም ከአቶም፣ ስንት ሜጋ ዋት ነው ብለን ብቻ አንለፍ። ስንት ምጣድ ያግላል፣ ስንት ኩበት ወደ ማሳ ይመልሳል ብለን እንጠይቅ። ቦንድ የገዛው የጅሩ ገበሬ ይህን መልስ የመስማት መብት አለው።