የአቦቦ ቀትርና የካሜራው ዓይን

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ ከአልዌሮ ወንዝ አጠገብ ወደምትገኘው አቦቦ የወረደ ሰው የቀትሯን ፀሐይ አይረሳትም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ጥላ እግር ሥር ይገባል፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። በዚያ ሰዓት ካሜራ የደቀነ ሰው ሰማዩ ነጥቶ፣ ፊቱ ግን መልኩ ሳይለይ ጠቁሮ ይቀርበታል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የፀሐይዋ፣ የፊቱ ወይስ የመሣሪያው?

ስለ ፊልም ቀረጻና ስለ ብርሃን አሰጣጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከዚህ ጥያቄ ቢነሳ ይበጀዋል። ከሉሚዬር ወንድሞች ጀምሮ፣ የሆሊውድን የሦስት መብራት ሥርዓት ዘርዝሮ፣ አገሩን በመጨረሻው ምዕራፍ ቢያስታውስ ግን የሌላውን ታሪክ ከመገልበጥ አያልፍም።

መሣሪያውም የራሱ ታሪክ አለው። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያዘጋጀው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። ፊልሙ የጠይም ቀለማትን ልዩነት አጣርቶ እንዲያሳይ ቀድመው ከወተወቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ የኩባንያው የቀድሞ ባልደረቦች ተናግረዋል። የሰው ፊት ከቁም ሣጥን በኋላ ወረፋ ደረሰው ማለት ነው!

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አሜሪካውያኑ ሂላሪ ሃሪስና ጆርጅ ብራይደንባክ በሮበርት ጋርድነር አጋዥነት በኢትዮጵያ በኩል ባለው የኑዌር ምድር ካሜራቸውን ተከሉ። «ዘ ኑዌር» የተባለው ባለ ቀለም ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። የከብቱን ሕይወት፣ የጥሎሹን ክርክር፣ የጎረምሶቹን ግንባር የመብጣት ሥርዓት ያሳያል። አቦቦ የአኙዋ አገር ብትሆንም ፀሐይዋ ያችው ናት።

ሌላው ምስክር ራሱ ተማሪ ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አገሩ ገብቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ነጭና ጥቁር ፊልም ሠራ፤ ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተመልካች ቀረበ። ባላባቱ ተቀምጦ ሲያዝ፣ ገበሬው ሲለፋ የሚያይ ሰው «ጥላው የማን፣ ፀሐዩስ የማን ድርሻ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብርሃን የኑሮም ጉዳይ ነውና።

እንግዲህ የጽሑፉ አወቃቀር ከዚህ ይወለዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ሁለተኛው የመሣሪያውን ታሪክ ይተርካል። ሦስተኛው ሁለቱን ፊልሞች ትዕይንት በትዕይንት እያነሳ ሰዓቱን፣ የፀሐይዋን አቅጣጫና የጥላውን ጥልቀት ይመዘግባል። አራተኛው የተማሪው የራሱ ሙከራ ነው፦ አንድን ፊት ጠዋት፣ በቀትር፣ ከማንጎ ጥላ ሥር፣ ከዚያም ነጭ አንሶላ በጎን ዘርግቶ ብርሃን እየመለሰለት ይቀርጻል። ከትዕይንቱ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያመጣ፣ ሰማዩ ሲገንን ፊቱ ይጨልማል። ልኩ ከፊቱ ከተወሰደ ግን የዓይኑ ብልጭታና የጉንጩ ወዝ ይወጣል።

ያን ጊዜ መደምደሚያው ራሱን ይጽፋል። የአቦቦ ፊት ለካሜራ አልጨለመም፤ ለእርሱ ብሎ የለካለት ሰው ነው የዘገየው።