ነባር የከተማ ማዕከላት መልሶ ማልማትና የተነሺዎች መብት

መልሶ ማልማት ማለት ያረጀ ወይም የተጨናነቀ የከተማ ክፍል በጸደቀ ፕላን መሠረት እንደገና የሚገነባበት አሠራር ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ የተከናወነው ሥራ በቅርቡ ከታዩት ዋነኛው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰፈር የሚነሣ ነዋሪ የሚያገኘው መብት የሚወሰነው በሰፈሩ በኖረበት ዘመን ርዝመት ሳይሆን በይዞታው ዓይነት ነው።

የልዩነቱ መነሻ የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በአዋጁ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። ስለዚህም በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ባለይዞታ፣ ሌላው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሊሆን ይችላል።

ለባለይዞታው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መሠረት ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፈላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ካሣው የሚታሰበው በላዩ ላይ ለሠፈረው ንብረት ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቤቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ መነሻ ያደርጋል፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዲታሰብ ይደነግጋል። ከዕድሩና ከጎረቤቱ ለሚለይ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ የሚስተናገደው በከተማው አስተዳደር የምትክ ቤት አሰጣጥ መመሪያ ነው። ችግር በብዛት የሚያጋጥመው እዚህ ላይ ነው፦ ውሉ በሟች ወላጅ ስም እንደሆነ የቀረ ወራሽ፣ ወይም ስሙ በውሉ ያልሰፈረ ደባል፣ ለዓመታት ኪራይ ቢከፍልም ማስረጃ ሊያጣ ይችላል። የስም ዝውውር የቆጠራና የምዝገባ ጊዜ ከመድረሱ በፊት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስፈጸም፣ የኪራይ ደረሰኞችንም ማቆየት ይገባል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለይዞታውም በራሱ ውሳኔ ማደስ አይችልም።

በካሣው መጠን ወይም በመነሣቱ ትእዛዝ ያልተስማማ ተነሺ አቤቱታውን በመጀመሪያ ለቅሬታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባዔ በጽሑፍ ያቀርባል። የአቤቱታ ጊዜ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ በመሆኑ፣ ሲረከቡ ቀኑን በደብዳቤው ላይ ጽፎ መፈረም ያስፈልጋል።