ብዙ ያልቆየው የጃፓን የትግል ሻምፒዮንነት

የስፖርት ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ለረጅም ዘመን ስለ ቆዩ ዋንጫዎች ነው። እኛ ግን ዛሬ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ስለ ጠፋ አንድ ማዕረግ፣ ይኸውም ስለ ጃፓን የከባድ ሚዛን የሬስሊንግ ሻምፒዮንነት እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን በ1945 በጦርነት ተሸንፋ እስከ 1952 ድረስ በአሜሪካ ጦር ሥር ቆየች። ቴሌቪዥን በ1953 ሲጀመር ዋጋው ከሠራተኛው አቅም በላይ ስለ ነበረ፣ በየአደባባዩ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። በፌብሩዋሪ 1954 ሪኪዶዛንና ማሳሂኮ ኪሙራ አንድ ላይ ሆነው ከአሜሪካ የመጡትን የሻርፕ ወንድማማቾች ሲገጥሙ፣ ሕዝቡ በየአደባባዩ ተሰብስቦ ተመለከተ። ሪኪዶዛን ባዕዳኑን በእጁ ጠርዝ ሲመታ፣ የተሸነፈው ሕዝብ ራሱ ያሸነፈ ያህል ደስ አለው።

ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰን የትርኢት ትግል ነው። ታዋቂው የጁዶ ጀግና ኪሙራ ግን ሁልጊዜ ተሸናፊ ሆኖ መታየቱ ከነከነውና፣ ትግሉ የእውነት ቢሆን ኖሮ እንደማይሸነፍ ለጋዜጣ ተናገረ። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያውን የጃፓን ሻምፒዮን ለመለየት ሁለቱ በዲሴምበር 22 ቀን 1954 በቶኪዮ ኩራማኤ አዳራሽ ተጋጠሙ።

ኪሙራ በኋላ እንዳስረዳው ስምምነታቸው እኩል ለእኩል ለመለያየት ነበር። በትግሉ መካከል ግን ሪኪዶዛን በእውነተኛ ምት ያጣድፈው ጀመር፤ ኪሙራም ደም በደም ሆኖ ወደቀ። ትግሉ ከሩብ ሰዓት ጥቂት አልፎ አበቃ። ሪኪዶዛን በበኩሉ፣ ኪሙራ አስቀድሞ ከወገብ በታች ስለ መታኝ ነው አለ። እውነቱ ከማን ጋር እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቀበቶው ግን ዕድሜ አላገኘም። ተመልካቹ የሚፈልገው ጃፓናዊ ጃፓናዊን ሲጥል ሳይሆን ባዕድን ሲጥል ማየት ነበርና። ሪኪዶዛን በ1958 በሎስ አንጀለስ ሉ ቴዝን አሸንፎ ዓለም አቀፍ የሚባለውን ማዕረግ ሲይዝ፣ የአገር ውስጡ ማዕረግ ተረሳ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። የጃፓን ኩራት የተባለው ይህ ሰው ጃፓናዊ ተወላጅ አልነበረም። በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ኮሪያ ተወለደ፤ ስሙም ኪም ሲን-ራክ ነበር። በ1940 የሱሞ ታጋይ ሆኖ ወደ ሦስተኛው ከፍተኛ ማዕረግ ወጣ፤ በ1950 ግን ሱሞን ተወ። በመዝገብም የናጋሳኪ ተወላጅ የጃፓን ሰው ሆኖ ተጻፈ። ኮሪያውያን በሚናቁበት በዚያ ዘመን ትውልዱን ደብቆ ኖረ። በዲሴምበር 1963 በቶኪዮ የምሽት ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ትውልዱንም ብዙው ሕዝብ ያወቀው ከሞቱ በኋላ ነው።

አገርና ስም መቀየር ምን እንደሆነ የምናውቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። ሕዝቡ ያን ሰው በሙሉ ልቡ ወደደው፤ ያን ሁሉ ጭብጨባ የተቀበለው ግን በልደት ስሙ አልነበረም።