በፀሐይ ምክንያት የሚከሰት የሳተላይት ቴሌቪዥን ሥርጭት መቋረጥ

በአሰላና በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች በኢትዮሳት የሚተላለፉ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም 16 እና በመጋቢት 8 አካባቢ፣ ለተከታታይ ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃዎች ሊቋረጡ ይችላሉ። መንስኤው፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኘው ሳተላይት በስተጀርባ ፀሐይ ስታልፍ፣ ከእርሷ የሚመነጨው የራዲዮ ሞገድ ደካማውን የሳተላይት ሲግናል ስለሚውጠው ነው። በዝናብ ምክንያት ከሚያጋጥመው መቆራረጥ የሚለየው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም፣ በየዕለቱ በተቀራራቢ ሰዓት መከሰቱ ነው። ፀሐይ ከመስመሩ ስትወጣ ሥርጭቱ በራሱ ይመለሳል። ስለሆነም ጣሪያ ላይ መውጣትም ሆነ ለጥገና ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ የዲሹ አቅጣጫ ከተነካ ግን ሥርጭቱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። መቋረጡ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ መንስኤው ሌላ በመሆኑ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።